ሽታዬና የቀሃ ዳር ጌሾዋ

ሽታዬን የሚያውቋት ሁሉ በአንድ ነገር ይስማሙ ነበር፤ መቀመጫ የላትም። እንግዳ ቤቷ ገብቶ ወሬ ሲጀምር ጆሮዋን ትሰጠዋለች፣ እግሯን ግን አትሰጠውም። ወሬው መካከል ሳይደርስ ብድግ ትልና በጓሮ በር ብቅ ብላ ትመለሳለች። የለመደ እንግዳ ፈገግ ብሎ፣ «ጌሾዎቹ ደኅና ናቸው?» ይላታል። ያልለመደው ግን ወጥ የጣደች መስሎት ዝም ይላል።

ወጥ አልነበረም። ከቤቷ ጀርባ ወደ ቀሃ ወንዝ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ከሰው ቁመት ያለፉ የጌሾ ቁጥቋጦዎች በተርታ ቆመዋል፤ የምትወጣው እነሱን ለማየት ነው።

የተከላቸው ባሏ ማሩ ነው። ጣሊያን ከጎንደር በወጣ ሰሞን ማሩ ከጠዳ አግብቶ ሲያመጣት፣ ችግኙን ከአባቷ ጓሮ ነቅሎ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ፣ እሷ ከተቀመጠችባት በቅሎ ኋላ በአህያ ጭኖ አመጣው። «አማቴ ሁለት ልጅ ነው የሰጡኝ፤ አንዷ ትናገራለች፣ አንዱ ዝም ይላል» እያለ ይቀልድ ነበር። ማሩ ግንበኛ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ የግንብ ሥራ ሲቀዘቅዝ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራ ወረደ፤ ወባ መታው፤ አብረውት የነበሩት ሰዎች ይዘው የተመለሱት ጋቢውን ብቻ ነው። ልጅ አልነበራቸውም። ዘመዶቿ ወደ ጠዳ እንድትመለስ ቢለምኗት፣ «ጌሾውን ማን ያጠጣዋል?» አለቻቸው። ሰው ሁሉ ሰበብ አደረገው እንጂ እውነቷን ነበር።

ከዚያ ወዲያ ነው ያ ፍርሃት የገባባት። ምንድን ነው የምትፈሪው ብትባል አታውቀውም። በረዶ ይሆናል፣ ፍየል ይሆናል፣ አንበጣ ይሆናል። አንድ ጠዋት በጓሮ በር ስትወጣ ማሩ የተከለው ሁሉ ወድቆ የምታገኘው ይመስላታል። ወጥታ ታየዋለች፤ ቆሟል። ትመለሳለች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ያው ሐሳብ ይመጣባታል።

ኑሮዋ ከዚያው ነው። ቅጠሉን ትሸመጥጣለች፣ ጥላ ውስጥ ታደርቀዋለች፣ ትወቅጠዋለች፣ ለጠላ ጠማቂዎች ትሰጣለች። ዋናው ጊዜ ዐቢይ ጾም ነው። ለፋሲካ የሚጠመቀው ጠላ ጌሾው ጾሙ ሲጋመስ መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ ጠማቂዎቹ ወደ ሌላ ይዞራሉ፤ አንዴ የዞረ ደንበኛ ደግሞ እንደ ዞረ ይቀራል።

ከጌሾው በታች፣ ከወንዙ ጋር የተያያዘው ማሳ የአያ በላቸው ነው። አያ በላቸው ጠና ያለ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው፤ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግቢ አትክልተኛ ሆኖ ይሠራል፤ ከሥራ ሲወጣ ከቀሃ ቦይ ጠልፎ የመስኖ በቆሎ ያለማል። የሽታዬ አበልጅ ነው። የእሱንና የሚስቱን የለተ ማርያምን የመጨረሻ ሴት ልጅ ክርስትና ያነሣች ሽታዬ ናት። አበልጅ ማለት ደግሞ በዚያ አገር ሳይወለዱ የተወለዱት ማለት ነው፤ አበልጅ አበልጁን አይከስም፣ ቢቀየመው እንኳ ቂሙን ይዞ ፋሲካን አይገድፍም።

በሃምሳዎቹ ዓመታት መጨረሻ ገደማ፣ ጾም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ አያ በላቸው ከታች ተጣራ።

«አበልጄ! ነይ እይ! ሰውን የሚያሳብደው አስተናግር ራሱ ሲያብድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ወረደች። የወባ ሠራተኞች የሚያዝሉትን የመሰለ መርጫ ከጀርባው አውርዶ አጠገቡ አቁሞታል። ከትናንት ወዲያ የረጨው አስተናግር ግንዱ እንደ ገመድ ተገምዷል፣ ቅጠሉ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል። ዛሬም ቀሪውን ሲረጭ ነው የዋለው።

«የአረም መድኃኒት ነው። መሥሪያ ቤት ለግቢው መጥቶ የተረፈውን ሰጡኝ።»

«በቆሎዎንስ?»

«በቆሎውን አይነካ። ወዳጅና ጠላት ይለያል፣ እንደ ሸጋ ውሻ!»

ሳቀች። ቀሚሷን የቀሃ ነፋስ ይመታው ነበር፤ በዚያ ወራት ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሸለቆውን ይዞ ሽቅብ ነው የሚነፍሰው። እሷም እሱም ልብ አላሉትም።

ከጥቂት ቀን በኋላ በታችኛው ተርታ ያሉት ጌሾዎች ጫፋቸው ተኮማተረ። ሽታዬ መጀመሪያ የጠረጠረችው ዓይን ነው። በዚያው ሰሞን አንዲት ደንበኛ «አቤት ማማሩ!» ብላ እንትፍ ሳትል ሄዳለች። ሽታዬም የበሬ ራስ አጥንት ለምና፣ በእንጨት ሰክታ፣ ዓይን የሚያርፍበት ብላ ከተርታው ፊት አቆመችው። በማግሥቱ ጠዋት ግን አጥንቱን ልታይ ስትወርድ ዓይኗ አልፎ አያ በላቸው ማሳ ላይ ወደቀ። የአስተናግሩ ቅጠል የተጠቀለለው ልክ እንደ ጌሾዋ ነው። ያው መጠቅለል፣ ያው መኮማተር። አንዱን ቅጠል ከዚህ አንዱን ከዚያ ቀጥፋ መዳፏ ላይ አስተያየቻቸው።

አበልጅ እንዴት ይወቀሳል? ቀኑን ሙሉ ከጓሮ ወደ ደጃፍ፣ ከደጃፍ ወደ ጓሮ ስትመላለስ ዋለች። አያ በላቸው ከሥራ ሲመለስ ሳታስበው ደጁ ቆማ ተገኘች።

«አያ በላቸው፣ እንዳይቀየሙኝ።»

«ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

ሁለቱን ቅጠሎች ዘረጋችለት። እሱ አያቸው፣ ወደ ወንዙ አየ፣ ጉንጩን አከከ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

«ነፋሱ ነው» አለ። «አፈር በበላሁ! ነፋሱ ወሰደብኝ።»

በማጀት ሆና የሰማች ለተ ማርያም ብቅ አለች። «ባይረጨውስ? እኔ በእጄ እነቅለዋለሁ ብየ ነበር። ማን ይሰማኛል፤ መርጫ ካዘለ ወዲያ የጦር አበጋዝ ሆኗል!»

እየተሳሳቁ ተስማሙ። የቀረውን አረም ጠዋት፣ የጎጆው ጭስ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ብቻ ይረጫል፤ ከመርጨቱም በፊት ይነግራታል፤ እሷም ታችኛውን ተርታ ትሸፍናለች። በተነጋገሩበት ጠዋት ሽታዬ አንሶላውንም፣ ቡልኮውንም፣ የቆየ ነጠላዋንም፣ የማሩን ጋቢም አውጥታ ጌሾውን አለበሰች። ውኃ ሊቀዱ የሚወርዱ ሴቶች ቆመው ሳቁባት።

«ሽታዬ፣ ጌሾ ልትድሪ ነው እንዴ? ሙሽራዋ የትኛዋ ናት?»

«ጋቢ የለበሰችው ናት! ወፈር አትልም?»

«ሚዜውስ?»

«ሚዜውማ አያ በላቸው ነው» አለች ሽታዬ ከቁጥቋጦው ሥር ሆና፤ «መርጫ አዝሎ እየመጣ ነው!»

ሠራ። ታችኞቹ ጌሾዎች አዲስ የሚያወጡት ቅጠል ቀጥ ያለ ሆነ። ለትንሽ ጊዜ ልቧ አረፈ፤ እንግዳም አንድ ሁለቴ ወሬውን ጨርሶ ሄደ።

አያ በላቸው ግን በደሉ ቆጭቶታል። አንድ ቀን ባዶ ታኒካ ይዞላት መጣ፤ ሰፊ፣ እጀታው ጠንካራ፣ ቀዳዳ የሌለው ቆርቆሮ። ላይኛው ተርታ ከወንዙ የራቀ ስለሆነ ውኃ በእንስራ ተሸክማ ስታጠጣ ወገቧ እንደሚቆረጥ ያውቃል። ታችኞቹ ከእሱ ቦይ በሚሰርገው እርጥበት ይኖራሉ።

«መድኃኒቱ የነበረበት ነው» አላት። «በደንብ ካጠብሽው ዕድሜ ልክሽን ያገለግልሻል።»

«ማጠብ ለእኔ ይነገረኛል?»

እውነትም ማጠብ ለእሷ አይነገራትም። እናቷ በጠዳ የታወቀች ጠላ ጠማቂ ነበረች። ሽታዬ ታኒካውን እንደ ጠላ ጋን ያዘችው። ከወንዙ አሸዋ አድርጋ ናጠችው፣ በግራዋ ቅጠል አሸችው፣ አለቀለቀችው፣ ደግማ በግራዋ አሸችው። ያ የሚሰነፍጥ ሽታ አልለቅ ሲላት ወይራ አጭሳ ታኒካውን ጭሱ ላይ ደፋችው። ሲቀዘቅዝ አፍንጫዋን አስገብታ አሸተተች። ወይራ ወይራ ይላል። ጋን በዚህ ከነጻ፣ በዚህ የማይነጻ ነገር በዓለም ላይ መኖሩን የነገራት ሰው አልነበረም።

ላይኛውን ተርታ በዚያ ታኒካ ታጠጣ ጀመር። ጾሙ ገብቷል፤ ቅጠሉ እንዲፋፋ ብላ እያበዛች አጠጣች።

ጾሙ ወደ እኩሌታው ሲጠጋ፣ ከቅዳሜ ገበያ በተመለሰች ማግሥት፣ በጓሮ በር ወጣች፤ ዘወትር የምትፈራው ነገር ፊቷ ቆሞ ጠበቃት። ላይኛው ተርታ ከዳር እስከ ዳር ተጠቅልሏል። ማሩ መጀመሪያ የተከላቸው፣ ግንዳቸው የሰው ክንድ የሚያህሉት ሁሉ ቀንበጣቸው እንደ ገመድ ተገምዷል። ታችኛው ተርታ ደግሞ ለምልሞ ይታያል። ሽታዬ ወደ ላይ አየች፣ ወደ ታች አየች። ገበያ ስወርድ ጠብቆ ነው፣ አለች በልቧ። አምና አያ በላቸው ይህን ላይኛውን መሬት ሽጭልኝ ብሎ ጠይቋት እንቢ ብላዋለች። ያኔ ስቆ ነበር የተለያት። አሁን ያ ሳቅ ሌላ ሆኖ ታያት።

ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። የሠፈሩ ሽማግሌ አያ አድማሴ ደጃፍ ድረስ ሄዳ ነገሯን አቀረበች፤ አያ በላቸውም ተጠራ። ጎረቤት ተሰበሰበ።

«ነገርሽን በርጋታ ተናገሪ» አሉ አያ አድማሴ።

«መርዝ ረጭቶብኛል።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አበልጇን እስከ ዛሬ በአንቱታ ነበር የምታነሣው።

«ከታች ሆኖ የረጨ እንደሆነ የሚጎዱት ታችኞቹ ናቸው። ነፋሱ ታችኛውን ዘልሎ ላይኛውን የመታ በፈረስ ተቀምጦ ነው?» አሉ አያ አድማሴ።

አንዳንዱ ሳቀ። ሽታዬ አልሳቀችም።

«በነፋስ አይደለም። ገበያ ስወርድ ጠብቆ፣ በእግሩ መጥቶ፣ በእጁ ነው የረጨው። አምና መሬቱን ስለከለከልሁት ነው።»

አያ በላቸው ከተቀመጠበት ድንጋይ ቀስ ብሎ ተነሣ። «እኔ?» አለ። «የክርስትና ልጅሽ አባት፣ እኔ?»

«አንተ!»

ለተ ማርያም ከሴቶቹ መካከል ራሷን ይዛ፣ «ሽታዬ፣ ልጄን የታቀፍሽበት አፍ ነው ይህን የሚናገር?» አለች፤ በንዴት ክንድና አፍ ተምታታባት፣ ማንም ግን አላረማትም።

«እምላለሁ» አለ አያ በላቸው። «እሑድ፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ የኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንን ደጃፍ ይዤ እምላለሁ። አድርጌው እንደሆነ ቤቴን ያጥፋው።»

አያ አድማሴ አንገታቸውን ነቀነቁ። መሐላ በዚያ ሠፈር ቀላል ነገር አልነበረም። በሐሰት የማለ ዓመት አይደርስም ይባላል። በእውነት የማለም ቢሆን ያስማለውን ዳግመኛ በዓይኑ አያየውም፤ ማስማል ማመን መከልከል ነውና። አበልጅነቱ እዚያው ደጃፍ ላይ ይቀራል። ሽታዬ ይህን እያወቀች ነው ወደ ቤቷ የተመለሰች። ደግ አደረግሁ እያለች ገባች፣ ምን አደረግሁ እያለች ወጣች። እስከ እሑድ ድረስ ቤቱም ጓሮውም ጠበባት።

እሑድ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ከቤት ስትወጣ፣ ለሽታው ብላ ጤና አዳም ልትቀጥፍ ጎንበስ አለች። ጤና አዳሙ ከመግቢያው በር አጠገብ፣ ከግድግዳው ሥር፣ በተሰበረ ገንቦ ውስጥ ነው ያለው። እጇ አየር ላይ ቀረ። ያ ቀጭን ቅጠል ተጠቅልሏል፤ ጫፉ ተገምዷል።

እዚህ ነፋስ አይገባም። ሰውም አይገባም፤ ገበያ ስትወርድ የአጥሩን በር በቁልፍ ዘግታ ነው የምትሄደው። አያ በላቸው መሬቷን ቢፈልግ እንኳ ጤና አዳሟን ምን ያደርግለታል?

ታኒካው እዚያው አጠገቡ በአፉ ተደፍቷል። ከላይኛው ተርታ የተረፈውን ውኃ ሁልጊዜ እዚህ ገንቦ ላይ ነበር የምትደፋው።

አነሣችው። አሸተተችው። ወይራ ነው። ደግማ አሸተተችው፤ ወይራ ነው። «በግራዋ አጥቤዋለሁ» አለች ጮክ ብላ፤ የሚሰማት ሰው ያለ ይመስል። «አጥኜዋለሁ!» ከዚያ ታችኛው ተርታ ትዝ አላት፤ ያ ለምልሞ ያናደዳት፣ በታኒካው አንድ ጊዜም ያላጠጣችው።

ነጠላዋ ከትከሻዋ ሲወርድ አላነሣችውም፤ በሩንም ሳትዘጋ ሮጠች። መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ «ምነው ሽታዬ! ምነው፣ ማን ሞተ?» ይላል። አትመልስም። የቀሃን ድልድይ ድንጋይ ስትረግጥ የቅዳሴው መውጫ ደወል ተሰማት። ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጠራት፤ ቆማ ጉልበቷን ይዛ፣ ደግሞ ሮጠች።

ሕዝቡ ገና አልተበተነም። ቄሱ መስቀል ይዘው ከደጃፉ ቆመዋል፤ አያ አድማሴ በአንድ በኩል፣ ለተ ማርያም ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ በሌላ በኩል። አያ በላቸው ጫማውን አውልቆ፣ ጋቢውን አደግድጎ፣ እጁን ወደ በሩ ዘርግቷል።

«አይማሉ!» አለች ሽታዬ። «አያ በላቸው፣ አይማሉ!»

ዞሮ አያት። ደስ የሚለው መስሏት ነበር፤ ፊቱ ግን ከዚያን ቀኑ ይልቅ ጠቆረ።

«አሁንስ እምላለሁ! ሰው ፊት መርዘኛ ብለሽኝ፣ አሁን ደግሞ “ለምኖ አስተዋት፣ ፈርቶ ቀረ” ልታስብይኝ? ዘወር በይ ከፊቴ!»

እጁ ወደ በሩ ሄደ። ሽታዬ ብዙ ሰው ፊት ተናግራ አታውቅም፤ በሽማግሌው ደጅ እንኳ የተናገረው ንዴቷ ነው። አሁን ንዴት የለም። ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ነው። በእሱና በበሩ መካከል ገብታ ቆመች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ጌሾዬን የገደልሁት እኔ ነኝ። በታኒካው አጠጣሁት። ጤና አዳሙም ተጠቅልሏል፣ ኑና እዩት። እኔ ነኝ፤ ሰው አልነካብኝም። አያ በላቸው አንድም ነገር አላደረጉኝም።»

ሰዉ አጉረመረመ። አንዲት ሴት «እግዚኦ!» አለች። አያ በላቸው እጁን ሳያወርድ ቆየ።

«አላጠብሽውም?»

«በግራዋ አጠብሁት። በወይራ አጠንሁት።»

«በወይራ!» አለ። ከዚያ እጁ ወረደ። «ካጠብሽው ያገለግልሻል ያልሁሽ እኔ ነኝ እኮ። መሥሪያ ቤት መርጫውን ሦስት አራት ጊዜ ውኃ እያፈሰስህ በሳሙና እጠበው፣ እንዲያም ሆኖ ለሌላ ነገር አታድርገው ብለውኛል። ያሉኝ ስለ መርጫው ነው፤ ስለ ታኒካው ማን አሰበው?»

አያ አድማሴ በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። «እንግዲህ ማነው የሚምለው? ታኒካው ነው?»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ቄሱም ሊስቁ ሲሉ መስቀሉን አፋቸው ላይ አደረጉት። ለተ ማርያም ግን አልሳቀችም፤ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በሽታዬ አጠገብ አልፋ፣ ሳትናገራት ወረደች። ብዙ ቀን አልተናገረቻትም። ክርስትና ልጇ እንኳ በአጥሩ ቀዳዳ አይታት ስትሮጥ ሽታዬ ሰማች።

ታኒካውን ሽታዬ ራሷ በድንጋይ ቀጥቅጣ፣ ማንም አንሥቶ እንዳያጥበው በምስማር በሳስታ፣ ከወንዙም ከጉድጓድ ውኃም ርቆ ካለ ጠፍ መሬት አጥልቃ ቀበረችው። ለፋሲካ የደረሰ ጌሾ አልነበራትም። ታችኛው ተርታ የሰጠው ከሁለት ጠማቂዎች በላይ አላዳረሰም፤ የቀሩት ወደ ሌላ ዞሩ።

ከበዓሉ በኋላ አያ በላቸው መጋዝና ገጀሞ ይዞ በታች በኩል ወጣ። ሳትጠራው ነው የመጣው። ላይኛውን ተርታ እየዞረ አየ።

«ቅጠሉ አይድንም» አለ። «ግንዱን ከጉልበት ዝቅ አድርገን እንቁረጠው። ሥሩ ካልሞተ ያቆጠቁጣል።»

«ሥሩ ከሞተስ?»

«ከሞተማ ሞተ።»

ከየትኛው እንደሚጀምር ጠየቃት። ሽታዬ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደች፣ ተመለሰች፤ ግንዱን ይዛ ትለቃለች። ማሩ አፈሩን በጫማው ሲረግጥበት የነበረው የትኛው እንደሆነ አሁን አልለይ አላት። እሱ ገጀሞውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ሳያጣድፋት ጠበቀ። በመጨረሻ እጇ የደረሰበትን ያዘችና ዓይኗን መለሰች።

እስኪመሽ ቆረጠ። እሷ ከኋላው እየተከተለች የእያንዳንዱን ጉቶ ልጥ በጥፍሯ ፋቅ ታደርጋለች። አንዱ አረንጓዴ ነው። አንዱ ቡናማ፣ ደረቅ ነው። አንዱ ደግሞ እንዲህም እንዲያም አይደለም፤ እርጥብ ነው፣ አረንጓዴ ግን አይደለም። ጎንበስ ብላ ብዙ አየችው።

«አያ በላቸው፣ ይኸ ምንድን ነው? አለ ወይስ የለም?»

መጣና አጠገቧ ቁጢጥ አለ። እሱም በጥፍሩ ፋቀ፣ ጣቱን አሸተተ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«እኔንጃ» አለ። «ክረምቱ ይንገረን።»

ሽታዬ እርጥብ አፈር ዘግና በጉቶው ዙሪያ አደረገች፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ሄደች።